«ፋይል ምረጥ» የሚለው በተን፦ ከአንድ የጎንደር ዩኒየን ቢሮ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ሲያዩት ትንሽ ነው። በአንድ የኤክሴል ፋይል ውስጥ «ፋይል ምረጥ» የሚል በተን አለ። ሲጫኑት መስኮት ይከፈታል፤ ፋይል ይመረጣል፤ ቀሪውን ማክሮው (ኤክሴል ውስጥ የተጻፈው ትንሽ ፕሮግራም) ይጨርሰዋል። በተኑ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ያለ ችግር ሠርቷል። ቢሮው ሌሎች ኮምፒውተሮች ሲጨምር ግን እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ እምቢ አለ። አንዱ የስህተት መልእክት አወጣ። አንዱ ጭጭ አለ። አንዱ ላይ ደግሞ የፋይሉ ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆነ።

ቢሮው ጎንደር ከተማ ውስጥ ያለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ነው። ስሙን አልጠራም። ከማክሰኝት፣ ከቆላ ድባ፣ ከአምባ ጊዮርጊስና ከአይከል በኩል ያሉ ማኅበራት በየወሩ የግዢ መዝገብ ይልኩለታል፦ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከቆላው ደግሞ ሰሊጥ። መዝገቡ በፍላሽ ይመጣል፣ በኢሜይልም ይመጣል። ማክሮው እነዚህን ፋይሎች ሰብስቦ አንድ ማጠቃለያ ሉህ ይሠራል። ሰኔ 30 ሒሳብ ስለሚዘጋ፣ ግንቦት ሲገባ ሁሉም ሰው ስለዚህ በተን ማውራት ይጀምራል።

ኮምፒውተሮቹን ላስተዋውቅ። የሒሳብ ሹሟ ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 7 እና ባለ 32 ቢት ኦፊስ 2010 ነው። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ላፕቶፕ አላቸው፤ ዊንዶውስ 11፣ ማይክሮሶፍት 365፣ 64 ቢት። ከአጋር ድርጅት የሚመጣው አማካሪ ማክቡክ ይዞ ነው የሚዞረው። አዘዞ ያለው መጋዘን ውስጥ ደግሞ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር አለ፤ እዚያ ያለው ኤክሴል ሳይሆን ሊብሬኦፊስ የሚባል ሌላ የቢሮ ፕሮግራም ነው።

«የኔ ላይ እኮ ይሠራል» አሉኝ ሒሳብ ሹሟ፣ መጀመሪያ ቀን።

«ልክ ነዎት እትዬ፤ ችግሩም እሱው ነው» አልኳቸው። ማክሮው የተጻፈው ለእሳቸው ኮምፒውተር ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በበኩላቸው ላፕቶፑን መጠርጠር ጀምረዋል። የተበላሸ ዕቃ የተሸጠላቸው መስሏቸዋል። ላፕቶፑ ግን ምንም አልሆነም።

ላፕቶፑ ለምን ጭጭ አለ?

የድሮው ኮድ ፋይል መምረጫውን ከኤክሴል አይጠይቅም ነበር። በቀጥታ ወደ ዊንዶውስ ይሄዳል። «ኮምዲኤልጂ32» ከሚባለው የዊንዶውስ ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ውስጥ ያለውን የፋይል መክፈቻ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) በዲክሌር መስመር ይጠራል፤ ዲክሌር ከውጭ ያለ ፋንክሽንን ለማክሮው የሚያስተዋውቅ መስመር ነው። ይህ የድሮ የቪዥዋል ቤዚክ ሰዎች ልማድ ነው። በጊዜው ምክንያት ነበረው። ለኤክሴል ግን ያኔም አስፈላጊ አልነበረም ባይ ነኝ።

ኦፊስ 2010 ከቪቢኤ 7 (ማክሮ ከሚጻፍበት ቋንቋ) ጋር ሲመጣ ባለ 64 ቢት ዕትምም አብሮ መጣ። በዚህ ዕትም ላይ እያንዳንዱ ዲክሌር መስመር «ፒቲአርሴፍ» የሚል ቃል ካልያዘ ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ወደሚሠራበት መልክ አይተረጎምም። ማይክሮሶፍት ለረጅም ጊዜ በነባሪነት ይጭን የነበረው 32 ቢቱን ስለሆነ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ኖሯል። ከኦፊስ 2019 ጀምሮ ግን ነባሪው 64 ቢት ሆነ። አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሁሉ ሳያስበው ከዚህ ችግር ጋር ይገናኛል።

ሥራ አስኪያጁ ላፕቶፑን ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጥገና ቤት ወስደውት ነበር። እዚያ ያለው ልጅ የስህተት መልእክቱን አነበበና መልእክቱ የሚለውን አደረገ፦ «ፒቲአርሴፍ»ን ጨመረ። መልእክቱ ጠፋ። ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። አሁን በተኑ ሲጫን ምንም የለም። መስኮት የለም፣ ስህተት የለም፣ ኤክሴል እንዳልሰማ ያልፈዋል። ከስህተት መልእክት ይልቅ እንዲህ ያለ ዝምታ ነው ሰው የሚያደክመው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፋንክሽኑ ሲጠራ አንድ ረዘም ያለ መዋቅር ይቀበላል። በመዋቅሩ ውስጥ የመስኮት መለያና የማስታወሻ አድራሻ የሚይዙ ቦታዎች አሉ። በ32 ቢት አድራሻ 4 ባይት ነው። በ64 ቢት 8 ባይት ነው። ስለዚህ «ሎንግ» ተብለው የተጻፉት እነዚህ ቦታዎች «ሎንግፒቲአር» መሆን አለባቸው። ይህም አይበቃም። የመዋቅሩ የመጀመሪያ ቦታ የራሱን መጠን መያዝ አለበት። የድሮው ኮድ መጠኑን በ«ሌን» ይለካዋል። በ64 ቢት ግን ቦታዎቹ በ8 ባይት ድንበር እንዲጀምሩ መሃል ላይ ክፍተት ይገባል፤ «ሌን» ያንን ክፍተት አይቆጥርም። «ሌንቢ» ነው የሚቆጥረው። ዊንዶውስ የተሳሳተ መጠን ሲያይ መስኮቱን አይከፍትም፤ ዜሮ ይመልሳል። ኮዱ ደግሞ ዜሮን «ተጠቃሚው ካንስል ብሏል» ብሎ ይረዳዋል። እንግዲህ ላፕቶፑ ጭጭ ያለው ካንስል ያላለ ሰው ካንስል እንዳለ ተቆጥሮ ነው።

ይህን ማስተካከል ይቻላል። ሦስት መስመር ቢነካ ነው። እኔ ግን አላስተካከልኩትም፤ ሙሉውን አወጣሁት። ኤክሴል ራሱ «ጌትኦፕንፋይልኔም» የሚባል የራሱ ፋይል መምረጫ አለው። በ2010ም በ365ም፣ በ32ም በ64ም ያው አንድ መስመር ነው። ማክ ላይም ስሙ ይታወቃል። በኤክሴል ውስጥ ሆኖ ለፋይል መምረጫ ብሎ ዊንዶውስን በዲክሌር መጥራት ትርፉ ምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

የጥያቄ ምልክቶቹ

የድሮውን ኮድ ለማውጣት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ዋናው ይህ ይመስለኛል።

ሒሳብ ሹሟ ለዓመታት የፋይል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ነበር የሚጽፉት። ማኅበራቱም እንደዚያው። ከጊዜ በኋላ ግን ጸሐፊዎቹ በስልክ በአማርኛ መጻፍ ለመዱና ፋይሎቹ «መስከረም ማክሰኝት»፣ «ኅዳር አይከል» እየተባሉ መምጣት ጀመሩ። ማክሮው እነዚህን ሲያገኝ ስሙን በጥያቄ ምልክት ይተካውና «ፋይሉ የለም» ይላል። ቢሮው ውስጥ «በአማርኛ አትሰይሙ» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር።

የድሮው ኮድ የሚጠራው ፋንክሽን ስሙ መጨረሻ ላይ «ኤ» አለው፤ አንሲ ማለት ነው፤ የድሮው የፊደል አያያዝ ዘዴ። በአንሲ ዘመን ዊንዶውስ ለየቋንቋው የፊደል ሰንጠረዥ ነበረው። ለግዕዝ ፊደል የሚሆን ሰንጠረዥ ግን ኖሮ አያውቅም። የእኛ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ ሰንጠረዥ በሚይዘው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በዕትም 3.0 ነው። የቪቢኤ ኮድ መጻፊያ ደግሞ ከቪዥዋል ቤዚክ 6 ጋር የአንድ ዘመን ልጅ ነው፤ ያ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። የእኛ ፊደል ሳይመጣ የተሠራ ቤት ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፊደላችን በአንሲ በር ሲያልፍ እያንዳንዱ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ቪቢኤ ጽሑፍን በውስጡ የሚይዘው በዩኒኮድ ነው። የሚበላሸው መግቢያና መውጫው ላይ ነው። ኮድ መጻፊያው አማርኛ አይቀበልም። የመልእክት ሳጥኑ አማርኛ አያሳይም። ፋይል መኖሩን የሚያረጋግጠው «ዲር» አማርኛ ስም አያገኝም። የኤክሴሉ «ጌትኦፕንፋይልኔም» ግን ስሙን በትክክል ይመልሳል፤ «ወርክቡክስ ኦፕን»ም በትክክል ይከፍተዋል። በሁለቱ መሃል «ዲር» እንዳይገባ ብቻ መጠንቀቅ ነው።

የድሮው ኮድ ፋይል ከተመረጠ በኋላ መኖሩን በ«ዲር» ያረጋግጥ ነበር። አወጣሁት። ሰውዬው አሁን መስኮት ላይ አይቶ የመረጠው ፋይል አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ይባላል? መክፈት ካቃተ ስህተቱን እዚያው መያዝ ይበቃል።

ለተጠቃሚው የሚታዩት አማርኛ መልእክቶች ሌላ ፈተና ነበሩ። ኮዱ ውስጥ ስለማይጻፉ በአንድ የተደበቀ ሉህ ሴሎች ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ማክሮው ከሴል ያነባቸውና በትንሽ ቅጽ ላይ ባለ ሌብል (የጽሑፍ ማሳያ ቦታ) ያሳያቸዋል። ሌብሉ አማርኛ ያሳያል። የቅጹ የላይኛው ርዕስ አሞሌ ግን እዚያም የጥያቄ ምልክት ነው የሚያወጣው፤ ባዶ ተውኩት። ይህ አሠራር አንድ ያልጠበቅኩት ጥቅም አመጣ፦ ሒሳብ ሹሟ መልእክቶቹን ራሳቸው ያርሟቸዋል። «ፋይሉ ተቀባይነት የለውም» የሚለው የቁጣ ስለመሰላቸው «ይህ ፋይል የኛ ቅጽ አይደለም፤ እንደገና ይዩት» አድርገውታል። ከእኔው የተሻለ ነው።

ምን ይዞ ይመለሳል?

ሥራው የጠራልኝ ጥያቄውን ከለወጥኩት በኋላ ነው። ቢሮው የጠየቀኝ «ሁሉም ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይነት መስኮት ይከፈት» ነበር። ይህ አይሆንም፤ ቢሆንም አያስፈልግም። ማክ የራሱ መስኮት አለው፣ ዊንዶውስ የራሱ። ተጠቃሚውም የለመደው የራሱን ነው። አንድ መሆን ያለበት መስኮቱ ይዞት የሚመለሰው ነገር ነው።

«ጌትኦፕንፋይልኔም» መልሱን በተለያየ መልክ ነው የሚሰጠው። ካንስል ሲባል «ፎልስ» የሚል እውነት/ሐሰት ዋጋ ይመልሳል። አንድ ፋይል ብቻ እንዲመረጥ ሲደረግ ጽሑፍ ይመልሳል። ብዙ ፋይል መምረጥ ሲፈቀድ ደግሞ ዝርዝር ይመልሳል፤ ሰውዬው አንድ ብቻ ቢመርጥም ዝርዝር ነው። መልሱን «ስትሪንግ» (ጽሑፍ ብቻ የሚይዝ ቦታ) ውስጥ የሚያስገባ ኮድ ካንስል ሲባል «ፎልስ» የሚባል ፋይል ሊከፍት ይሄዳል። የዚህን ስህተት መልእክት ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

ስለዚህ አንድ ፋንክሽን ጻፍኩ። ከውጭ ሲታይ ሥራው አንድ ነው፦ የተመረጡ ፋይሎችን ሙሉ አድራሻ በዝርዝር ይመልሳል። ካንስል ከተባለ ዝርዝሩ ባዶ ነው። አለቀ። የቀረው ማክሮ ዊንዶውስ ይሁን ማክ አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ልዩነቱ ሁሉ የሚቀረው ፋንክሽኑ ሆድ ውስጥ ነው።

የፋይል ዓይነት ማጣሪያንም ከመስኮቱ ወደ ፋንክሽኑ አመጣሁት። መስኮቱ ቢያጣራ ጥሩ፤ ባያጣራም ፋንክሽኑ የስሙን መጨረሻ ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሮ ያያል። ኤክሴል ፋይል ሲከፈት የሚፈጥራቸውን፣ በሞገድና በዶላር ምልክት (~$) የሚጀምሩትን ድብቅ ፋይሎችም እዚያው ይጥላቸዋል። ፍላሽ ላይ እንደ ጉድ ነው የሚገኙት።

ስለ ቅደም ተከተልም አንድ ነገር። ብዙ ፋይል ሲመረጥ የሚመለሱበት ተራ ሰው የመረጠበት ተራ ነው ብሎ ማመን አይቻልም። በስም ተራ ሲደረደሩ ደግሞ በፊደል ገበታ ሐምሌ መስከረምን ይቀድማል፤ ጥርም ጥቅምትን። የሒሳብ ዓመቱ ከሐምሌ ስለሚጀምር የመጀመሪያው በአጋጣሚ ልክ ይመጣል፤ ሁለተኛው ሒሳብ ያዛባል። ወሩን ከፋይሉ ስም ሳይሆን ከቅጹ ውስጥ ካለው ሴል እንዲያነብ አደረግኩት።

ማኩ

ማክ ላይ «ጌትኦፕንፋይልኔም» አለ፤ ነገር ግን ግማሹ ነው ያለው። በዊንዶውስ አጻጻፍ የተሰጠውን የፋይል ዓይነት ማጣሪያ አይቀበልም፤ ስህተት 1004 ያወጣል። ብዙ ፋይል በአንዴ መምረጥም አይቻልበትም። «ፋይልዳያሎግ» የሚባለው ሌላው አማራጭ ዊንዶውስ ላይ ቆንጆ ነው። ማክ ላይ ግን አንዱ የኦፊስ ዕትም የተቀበለውን ሌላው አይቀበለውም፤ ልተማመንበት አልቻልኩም።

ሌላው መንገድ አፕልስክሪፕት የሚባለው የማክ የራሱ የትእዛዝ ቋንቋ ነው። የማክን የራሱን «ፋይል ምረጥ» ትእዛዝ ይጠራል፤ ዓይነት ያጣራል፣ ብዙ ፋይልም ያስመርጣል። ነገር ግን ከኦፊስ 2016 ጀምሮ ስክሪፕቱ በተጠቃሚው ላይብረሪ ሥር፣ ለኤክሴል በተለየ ፎልደር ውስጥ በእጅ መቀመጥ አለበት። ማክሮው ራሱ ሊያስቀምጠው አይችልም። ከአጋር ድርጅቱ የሚመጡት አማካሪዎች ይቀያየራሉ። ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው ላፕቶፕ ከፍቶ ስክሪፕት የሚተክል ማን አለ? ተውኩት።

የመረጥኩት ዘዴ ያምራል አልልም። ማክ ከሆነ ማጣሪያውንም የብዙ ምርጫ ጥያቄውንም ትቶ ባዶውን ይጠራዋል። አንድ ፋይል ይመረጣል። ካንስል እስኪባል መስኮቱ ደግሞ ደጋግሞ ይከፈታል። ካንስል ማለት «ጨርሻለሁ» ማለት ሆነ። ማክንና ዊንዶውስን የሚለየው «ኢፍ ማክ» የሚለው የኮምፓይል ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ሁለት ቅርንጫፍ፣ በቃ።

አማካሪው «ፎልደር ብቻ ልስጠው፣ የቀረውን ራሱ ይፈልግ» ብሎኝ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የማክ ኦፊስ በአጥር ውስጥ መኖሩ ነው፤ ተጠቃሚው በእጁ ያልመረጠውን ፋይል ሲነካ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን በአንዴ ለብዙ ፋይል የሚጠይቅ ትእዛዝ አለ። ሆኖም በየወሩ በአዲስ ፍላሽ የሚመጡ አዳዲስ ፋይሎች ስለሆኑ ጥያቄው አይቀርም። ያው አንድ በአንድ መምረጡ ተሻለ።

አዘዞ

ሊብሬኦፊስ የኤክሴል ማክሮን ለመረዳት ይሞክራል። ለቀላል ነገር ይሠራል። ለዚህ ግን አልደገፍኩበትም፤ ለመጋዘኑ የራሱን ፋይል በራሱ ቤዚክ ሠራሁለት። እዚያ ፋይል መምረጫው አገልግሎት ነው፤ በረጅም ስሙ ይጠራል፤ ስሙም «ኮም ሰን ስታር» ብሎ ይጀምራል። ሰን ማይክሮሲስተምስ ስታርኦፊስን ከገዛበት ዘመን የቀረ ስም ነው። ማጣሪያ ይጨመርለታል፣ ብዙ ምርጫ ይፈቀድለታል፣ ይከፈታል። 1 ከመለሰ ተመርጧል፣ 0 ከመለሰ ካንስል ነው።

ሁለት ነገር መጠበቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ «ጌትፋይልስ» ብዙ ሲመረጥ መጀመሪያ ፎልደሩን፣ ከዚያ የፋይሎቹን ስም ብቻ ይሰጣል። «ጌትሰለክትድፋይልስ» ግን ሙሉ አድራሻ ይሰጣል፤ እሱን ይዣለሁ። ሁለተኛ፣ አድራሻው የሚመጣው እንደ ድረ ገጽ አድራሻ ተቀይሮ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በፐርሰንት ምልክት የታጨቀ ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ኮንቨርትፍሮምዩአርኤል» ወደ ሰው ቋንቋ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ይህም ፋንክሽን እንደ ሌላው ዝርዝር ይመልሳል።

አዘዞ በሲኤስቪ (በኮማ በተለየ ተራ ጽሑፍ) የሚልከው ፋይል ሒሳብ ሹሟ ጋ ሲከፈት አማርኛው ይበላሽ ነበር። ያ የፊደል ኮድ ጣጣ ነው፤ ሌላ ጉዳይ። በኤክሴል ዓይነት ሴቭ አድርገው እንዲልኩ ተስማማንና ታለፈ።

ከበተኑ ውጭ ያሉ ሁለት መሰናክሎች

ኮዱ ካለቀ በኋላ ላፕቶፑ ላይ በተኑ እንደገና አልሠራ አለ። በኢሜይል የላኩት ፋይል ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢንተርኔት በመጣ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮን በነባሪነት ያግዳል። ያው ፋይል በፍላሽ ሲሄድ ይሠራል፤ ከኢንተርኔት መምጣቱን የሚናገረው ምልክት በተለመደው የፍላሽ አቀራረጽ ላይ ስለማይቀመጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አንብሎክ ማለትን ተማሩ።

ሁለተኛው ዋንድራይቭ፣ ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው የማይክሮሶፍት አገልግሎት፣ ነው። መስኮቱ ማክሮው ካለበት ፎልደር እንዲጀምር አድርጌ ነበር። የሥራ አስኪያጁ ዶክዩመንት ፎልደር ከዋንድራይቭ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ጊዜ ኤክሴል የፋይሉን ቦታ ሲጠየቅ የዲስክ አድራሻ ሳይሆን የድረ ገጽ አድራሻ ይመልሳል፤ ወደ ፎልደር የሚወስደው «ሲኤችዲር» ትእዛዝ ደግሞ ወደዚያ መሄድ አያውቅም። አድራሻው የድረ ገጽ ከሆነ መነሻ ፎልደር የመምረጡን ነገር ዝም ብሎ እንዲያልፈው አደረግኩ።

አሁን አራቱም ኮምፒውተሮች ላይ በተኑ ይሠራል። ሙከራ ስናደርግ በየአንዳንዱ ላይ መጀመሪያ ያስጫንኳቸው ካንስልን ነው፤ ቀጥሎ አንድ ፋይል፣ ቀጥሎ ብዙ፣ ቀጥሎ የአማርኛ ስም ያለው፣ መጨረሻ የማይመለከተው የፎቶ ፋይል። «በአማርኛ አትሰይሙ» የሚለው ወረቀት ተነሥቷል። አማካሪው አንድ በአንድ መምረጡ ሰልችቶታል፤ ፋይሎቹን ለሒሳብ ሹሟ ልኮ ማጠቃለያውን ከእሳቸው መቀበል ጀምሯል። እሳቸው ደግሞ ዊንዶውስ 7ቱን በሚቀጥለው በጀት እንዲቀየርላቸው ጠይቀዋል። ኮዱ ላይ የሚነካ ነገር አይኖርም፤ አዲሱ ላይ ፋይሉን አስቀምጠው መክፈት ብቻ ነው።